እንጦጦ ላይ ከዝናብ በኋላ ሳይክል መንዳት፦ ሰአት አትቁጠር፣ አፈሩን ዳስሰው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ እኔና ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ማውንቴን ባይክ እንነዳለን። ባለፈው ሐሙስ ማታ ዶፍ ወረደ፣ አርብ ጠብ አላለም፣ ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ሸንተረሩ ላይ ያለው መንገድ ደርቆ አቧራ ሊያስነሳ ምንም አልቀረውም። ግማሽ ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ ሳሙና ሆነብን፣ ጓደኛዬ ሁለቴ ወደቀ። ከዛ በሱሉልታ በኩል ወርደን ሜዳው ጋ ስንደርስ ጎማው ጭቃ ጎርሶ ጭራሽ አልዞርም አለ፣ ሳይክሉን ተሸክመን ነው የወጣነው። የውጭ ቪዲዮዎች ከዝናብ በኋላ 24 ወይ 48 ሰአት ጠብቁ፣ ወደ ደቡብ የዞረ ተዳፋት ቶሎ ይደርቃል ይላሉ። እኛ ጋ ስንት ሰአት ነው የሚጠበቀው? የጭቃ ጎማ ገዝተን ንፋስ ብንቀንስስ ይፈታል?»

እንዲህ ያለ ቁጥር የለም፣ ለምን እንደሌለ ደግሞ አንተው ራስህ ነግረኸኛል። በአንድ ዝናብ በአንድ ጠዋት ሶስት አይነት መንገድ አገኘህ፣ ሶስቱም ላይ ያለፈው ሰአት እኩል ነው፣ ሰላሳ ምናምን ሰአት። አንዱ ደርቋል፣ አንዱ ሳሙና ሆኗል፣ አንዱ ሳይክልህን አስሮ አስቀርቶታል። ሰአቱ እኩል ሆኖ ውጤቱ ይሄን ያህል ከተራራቀ መቁጠር ያለብህ ሰአት አይደለም ማለት ነው።

አፈር፣ የመሬቱ አቀማመጥና ጥላ ለውጥ እንደሚያመጡ ሁሉም ሰው በደፈናው ያውቃል፣ ሰው የሚስተው ሶስቱ በየተራ እንደሚሰሩ ነው። መጀመሪያ ተዳፋቱ ነው፣ ከወረደው ዝናብ ስንቱ ተንሸራቶ እንደሚሄድና ስንቱ መንገዱ ላይ እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው። ቀጥሎ አፈሩ ይመጣል፣ ከቀረው ውሃ ስንቱን ወደ ታች እንደሚያሳልፍ ስንቱን ደግሞ አልለቅም ብሎ እንደሚይዝ። ጥላ ተራው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው ምክንያቱም አፈሩ አልለቅም ብሎ የያዘውን ውሃ ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከዛፍ ሥር በቀር የሚያወጣው የለም። ለዚህ ነው አሸዋማ መንገድ ላይ ጥላ ኖረ አልኖረ ብዙ የማይገድህ፣ ሸክላ አፈር ላይ ግን ያው ጥላ የሳምንት ልዩነት የሚያመጣው። በቁጥር ካልከኝ አሸዋ በሰአት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ውሃ ያሰርጋል፣ ሸክላ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ያውም ያልተረገጠ ሸክላ። ሰውም አህያም ጎማም ሲጠቀጥቀው የከረመ መንገድ ከዛም በታች ነው።

በዛ ላይ አገሩን እይ። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው የሚወርደው። አንተ የምትነዳበት ሸንተረር ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ግድም ነው፣ ከፒያሳ ቢያንስ 500 ሜትር ከፍ ያለ፣ እና በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ፒያሳ ያለው አስፋልት ደረቀ ብለህ ከቤት ስትወጣ ላዩ ላይ ገና ብርድና ጉም ነው። ከመስኮት አይቶ መወሰን የሚባለው ነገር እንጦጦ ላይ አይሰራም።

አሁን ሶስቱን ቦታዎች በየተራ እንያቸው።

ሸንተረሩ ለምን ደረቀ? አፈሩ ስስ ነው፣ ከስሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፣ በብዙ ቦታ ጠጠሩና ኮረቱ ራሱ ነው መንገዱ። ግን ዋናው እሱም አይደለም፣ ዋናው ከላዩ ውሃ የሚያወርድበት ነገር አለመኖሩ ነው። እንጦጦ ውሃውን ለሁለት የሚከፍል ተራራ ነው፣ በከተማው በኩል የወረደው ጠብታ ወደ አቃቂ ሄዶ አዋሽ ይገባል፣ በሱሉልታ በኩል የወረደው ወደ ሙገር ሄዶ አባይ ይገባል። ሸንተረር ላይ ያለ መንገድ የሚያገኘው በራሱ ላይ የዘነበውን ብቻ ነው፣ እሱንም ግራና ቀኝ ይበትነዋል፣ ነፋሱም አይለየውም። ተዳፋቱ ግርጌ ያለ መንገድ ግን የራሱንም ዝናብ የላይኛውንም ጎረቤት ዝናብ ነው የሚቀበለው፣ ያውም በአንድ ቀን አይደለም፣ አፈር ውስጥ ሰርጎ የገባው ውሃ ቀስ እያለ ወርዶ ተዳፋቱ ሜዳ የሚሆንበት መታጠፊያ ላይ ይወጣል። ሳይዘንብ የሚረጥብ መንገድ አይተህ ከሆነ እሱ ነው። ምልክቱን እናቶቻችን ያውቁታል፣ ቄጤማ የበቀለበት ቦታ ነው። ቄጤማ ካየህ የዛን ቦታ መድረቅ በሰአት ሳይሆን በወር ቁጠረው።

ሜዳው። ሱሉልታ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ነው፣ አንዳንዱ መረሬ ይለዋል፣ አንዳንዱ ኮትቻ፣ ጎጃምና ጎንደር ዋልካ። ይሄ አፈር ከሌላው ሸክላ የሚለየው ውሃ ሲያገኝ ማበጡ ነው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያለህ፣ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ በዛ ስንጥቅ ሽው ብሎ ይገባል፣ ከዛ አፈሩ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፣ ከተዘጋ በኋላ ወደ ታች የሚያልፍ ውሃ የለም ብትል ይቀልሃል። ሜዳ ስለሆነ ወደ ጎንም አይሄድም። ገበሬው ይሄን ስለሚያውቅ ነው ሽምብራና ጓያ እዛ ላይ ክረምቱ ሲወጣ የሚዘራው፣ ዝናብ ቆሞ እንኳ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ሰብሉ ያፈራል። እንግዲህ ሽምብራ አብቅሎ ለእሸት የሚያደርስ እርጥበት የሚይዝ አፈር ላንተ ሳይክል ሲል በ48 ሰአት እንዲደርቅ ነው የጠበቅከው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገለብጠው ነገር አለ። ጭቃ በጣም የሚከፋው በጣም ሲረጥብ ይመስለናል። ለሳይክል ግን አይደለም። ጥቁር አፈር ዝናቡ እየወረደበት እያለ ቀጭን ነው፣ ያዳልጣል እንጂ ከጎማ ላይ ራሱ ይታጠባል። የሚጣበቀው ውሃው ጎደል ሲል ነው፣ ሊጥ ሲሆን፣ ያ ደግሞ ዝናቡ ካቆመ አንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ማለትም ልክ ያ 24 እና 48 ሰአት የተባለው ላይ። እንደ ቪዲዮው ጠብቀህ የወጣኸው በጣም መጥፎው ቀን ላይ ነው። እና ያ ጎማህን ያሰረው ነገር ጭቃ ብቻ እንዳልሆነ አስተውለሃል? ሳር ነበረበት። ጎማው ጭቃውን ያነሳል፣ ጭቃው ሳሩን ይነቅላል፣ ሳሩ ጭቃውን ያስራል፣ ዞሮ ዞሮ የፊት ሹካው ስር ሲደርስ ከጭድ ጋር የተቦካ የግድግዳ ምርጊት ነው የሆነው። እንጨት ይዘህ ብትፍቀው በየአስር ሜትሩ ነው የምትፍቀው፣ ከጎማው ወጣ ስትል ፍሬኑ ጋ ተሸጉጦ ታገኘዋለህ።

አንድ ዓመት፣ ይሄን ሁሉ እያወቅኩ፣ መስከረም ላይ ከአራት ልጆች ጋር በዛው ሜዳ አቋርጠን ወጣን፣ ሰማዩ ጠርቶ አደይ አበባው ፈክቶ ስናይ ጭንቅላታችን ሄደ መሰለኝ። የጎማችን ቦይ የጣት ርዝመት ያህል ጥልቀት ነበረው። ጥር ላይ ተመልሼ ስሄድ ያ ቦይ እንዳለ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ቁጭ ብሏል፣ የፊት ጎማ ከገባበት የባቡር ሀዲድ ነው፣ መሪ አይታዘዝም፣ ከኋላዬ ይመጣ የነበረው ልጅ ገብቶበት በአፍጢሙ ተደፋ። ጥቁር አፈር ላይ በእርጥቡ የተከልከው ስህተት እስከሚቀጥለው ክረምት አይነቀልም። ስለዚህ ሜዳው ላይ የኔ ምክር ድርድር የለውም፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ያ መስመር የለም በል፣ ካርታህ ላይ ሰርዘው።

ባሕር ዛፉ ውስጥ ያጋጠማችሁ ግን ሌላ በሽታ ነው። እዛ ያለው አፈር በአብዛኛው ቀላ ያለ ነው። ቀይ አፈርም ሸክላ ነው፣ ስትለካው ሸክላው ብዙ ነው፣ ግን እንደ ጥቁሩ አያብጥም፣ ቅንጣቶቹ ተያይዘው እንደ ለውዝ ፍሬ እንክብል እንክብል ሆነው ይቀመጣሉ፣ ውሃ በመሃላቸው ያልፋል። ያልተነካ ቀይ አፈር ከዶፍ ዝናብ በኋላ በአንድ ቀን ውሃውን ሲያሳልፍ ልታይ ትችላለህ። ችግሩ መንገዱ ያልተነካ አለመሆኑ ነው። እንክብሉ በጎማና በእግር ከደቀቀ በኋላ ላዩ ይደፈናል፣ ከስር ጠንካራ፣ ከላይ ሁለት ሚሊ ሜትር የምታህል ቅባት። ሳሙና ያልከው እሷን ነው። ጥልቅ ጭቃ ቢሆን ጎማው ይሰምጥና ይይዝ ነበር፣ ይሄ ግን የሚሰምጥበት የለውም፣ የተወለወለ ሊሾ ወለል ላይ ዘይት እንደፈሰሰበት በለው። ለመንገዱ ከሜዳው ያነሰ ጉዳት ነው፣ ለአጥንት ግን የባሰ ነው፣ ጓደኛህ ሁለቴ የወደቀው እዚህ እንጂ ሜዳው ላይ እንዳልሆነ ልብ በል።

ዛፍ መንገዱን ከዝናብ ይጋርዳል የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ካፊያ ከሆነ እውነት ነው፣ ቅጠሉ ላይ ቀርቶ ከዛው ይተናል። ዶፍ ከሆነ ግን ቅጠሉ ሞልቶ ያፈሳል፣ ያውም ጠብታዎቹን አጠራቅሞ አግዝፎ ከአስር ከአስራ አምስት ሜትር ላይ ይለቃቸዋል፣ መሬት ሲደርሱ ከተራው ዝናብ ጠብታ የበለጠ ይደበድባሉ። መሬቱ ላይ የቅጠል ምንጣፍ ቢኖር ምቱን ይቀበለው ነበር፣ እንጦጦ ላይ ግን ያ ቅጠል ለስንት ዓመት ለማገዶ ተጠርጎ እየተጫነ ሲወርድ ነው የኖረው፣ ባሕር ዛፍ ስር ደግሞ ሳርና ቁጥቋጦ እንደልብ አይበቅልም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ያ ተራራ የባሕር ዛፍ ተራራ ነው፣ ጥላው ብዙ፣ የወለሉ ልብስ ግን ትንሽ። ዝናቡ ካቆመ በኋላም አይተውህም፣ ጠዋት ጉሙ ሲያልፍ ቅጠሉ ጉሙን ያጠራቅምና ጠብ ጠብ ያደርገዋል፣ ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይኖር ጫካው ውስጥ እየዘነበ ታገኛለህ። ነፋሱም ግንዱ መሃል ይሞታል። ለዛፉ ፍትሕ ለመስጠት ያህል ባሕር ዛፍ ከአፈር ውስጥ ብዙ ውሃ ይመጥጣል፣ በጋ ላይ ያን ጫካ የሚያደርቀውም እሱ ነው፣ ግን የሚጠጣው ከሥሩ ነው፣ ላይኛዋን ሁለት ሚሊ ሜትር ቅባት አይነካልህም። ደግሞ ቅርፊቱ አለ፣ ተልጦ የወደቀው ረጅም ረጅም ቅርፊት፣ እርጥብ ሲሆን የሙዝ ልጣጭ ነው፣ የኋላ ማርሹ ውስጥ ሲገባም ካቴናውን ይዞ ይቆማል። ሥርና ቅርፊት ላይ ጎማህን አግድም አታሳልፍ፣ ፍሬንም አትያዝ፣ ቀጥ አድርገህ ተሻገርና ከዛ ያዝ።

አሁን ወደ ደቡብ የዞረ ቶሎ ይደርቃል የተባለው። ቪዲዮውን የሰሩት ሰዎች አልዋሹም፣ አገራቸው ሌላ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 20ዎቹ ድረስ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ካላመንክ ሰኔ ላይ ስድስት ሰአት ተኩል ገደማ ሸንተረሩ ላይ ቁም፣ ጥላህ ወደ ከተማው ነው የሚወድቀው። ማለትም ልክ ክረምቱ በሚከብድበት ጊዜ ወደ ከተማው ያዘነበለው የደቡብ ፊት ምንም ብልጫ የለውም፣ እንደውም በጥቂቱ የሚቀድመው የሱሉልታው ፊት ነው፣ ግን ፀሐይዋ ከአናት ብዙ ስለማትርቅ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በጋ ላይ ይገለበጣል፣ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ከአናትህ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፣ ያኔ የቪዲዮው ሕግ እንጦጦም ላይ ይሰራል፣ የሰሜኑ ፊት ጥላ ውስጥ ያሉ መታጠፊያዎች እስከ ረፋዱ ድረስ ጤዛና ውርጭ ይዘው ይቆያሉ።

ክረምት ላይ ከሰሜንና ከደቡብ ይልቅ የሚያዋጣህ ምስራቅና ምዕራብ ማየት ነው። የኛ ክረምት ብዙውን ጊዜ ጠዋት ላይ ትንሽ ፀሐይ ይሰጥሃል፣ ከዛ ደመናው ይሰበሰብና ከሰአት በኋላ ይለቀዋል። ስለዚህ ወደ ምስራቅ የዞረ ተዳፋት ያችን የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኛታል፣ ወደ ምዕራብ የዞረው የሱ ተራ ሲደርስ ሰማዩ ተዘግቷል። ይሄን ማንም የውጭ ቪዲዮ አይነግርህም፣ አንድ ክረምት ሙሉ ያንኑ መንገድ ደጋግመህ ስትሄድ ግን እግርህ ራሱ ያውቀዋል።

ስለ ተዳፋት የሚባለው ነገር ደግሞ «ቁልቁለት ከሆነ ውሃ ይወርዳል፣ ይደርቃል» ነው። ውሃው በየት በኩል ነው የሚወርደው? ጥያቄው እሱ ላይ ነው። ተራራውን በጎኑ አቋርጦ የሚሄድ መንገድ ላይ ውሃው ባንዱ ጠርዝ ገብቶ በሌላው ጠርዝ ይወጣል፣ መንገዱን የሚነካው በስፋቱ ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ላይ ግን መንገዱ ራሱ ቦይ ይሆናል፣ እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸካሚዎችና አህዮች ያወጧቸው ብዙ አቋራጮች እንዲህ ናቸው፣ ለተሸካሚ አጭሩ መንገድ ነው ትክክለኛው፣ ልትፈርድባቸው አትችልም፣ ለጎማ ግን አይሆንም። እንዲህ ያለው መንገድ ቶሎ ይደርቃል አዎ፣ የሚደርቀው ግን አፈሩ ስለሄደ ነው፣ የቀረው ድንጋይና ፈፋ ነው። ትሬል፣ ማለትም የእግርና የሳይክል መንገድ፣ የሚሰሩ ሰዎች ያላቸው ልኬት ቀላል ነው፣ የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጎን ቁልቁለት ግማሽ አይበልጥ፣ በአማካይ ደግሞ ከ10 በመቶ አይለፍ፣ ስለዚህ ጎኑ 20 በመቶ ካጋደለ መንገዱ ቢበዛ በ10 ሜትር 1 ሜትር ይወርዳል። የመንገዱ ወለል ራሱ ወደ ውጭ 5 በመቶ ያህል ይዘነብላል፣ አንድ ሜትር ስፋት ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር። እና በየ10 በየ15 ሜትሩ ትንሽ ሽቅብ ብሎ ውሃው እንዲወጣ ያስገድደዋል። ጎማ ሲመላለስበት መሃሉ ይጎደጉድና ጠርዙ ላይ ግንብ መሳይ ነገር ይቆማል፣ ያኔ ያ 5 በመቶ ጠፋ፣ ጥሩ የነበረው መንገድ ገንዳ ሆነ። አንተ ነዳኸው እንጂ ዝናብ ብቻውን አላበላሸውም ማለት ነው።

ከሁሉም ግን ጨርሶ ሜዳ የሆነ መንገድ ይብሳል፣ ሰው ቁልቁለትን ነው የሚፈራው፣ እኔ ሜዳን ነው።

ኩሬ ሲያጋጥምህ በዳር አትዙር። አንተ በዳር ትዞራለህ፣ የሚቀጥለው ያንተን ዳር ጭቃ ሸሽቶ ከዛም ወዲያ ይዞራል፣ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ሜትር የነበረው መንገድ ስድስት ሜትር ማጥ ይሆናል። በመሃሉ እለፍ ወይ ውረድና ተመለስ። ውሃው ውስጥ ሳርና ቅጠል መጎዝጎዝም ተው፣ ለአንድ ቀን ይረዳል፣ ከዛ በስብሶ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዝልሃል።

ወደ ጎማህ ልምጣ። ንፋስ መቀነስ ለሥርና ለድንጋይ ይረዳል፣ ጎማው ተኝቶ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ በከመነዳሪ (በውስጥ ጎማ) የሚሄድ ከሆነ ግን በጣም ከቀነስከው ድንጋይ ላይ ሲመታ ከመነዳሪው ተቆንጥጦ ይቀደዳል። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ ስለሆነ ለስላሳ ጭቃ ውስጥ ይይዛል፣ ጭቃውንም ይበትናል፣ ያ ቅባት ያልኩህ ላይ ግን ጠንካራው ወለል ላይ አይነክስም፣ ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ጥርሱ መሃል ያለው ክፍተት ሁሉ ይሞላና ከራሰ በራ ጎማ ምንም አይለይም። ሰፊ ጎማ ከሆነማ ከሹካው ጋር ያለው ክፍተት ስለሚጠብ ቶሎ ያስርሃል። እና ዋናው ነገር፣ የሚይዝ ጎማ መንገዱን አያድንም፣ ጥርሱ ረጅም በሆነ ቁጥር ጠለቅ አድርጎ ያርሳል። አሁን ያለብህ ችግር ቦታና ቀን መምረጥ ላይ ነው፣ ሱቅ አይፈታውም።

በሰአት ፋንታ ምን ልጠቀም ካልክ፣ እጅህን። ከመንገዱ መጥፎ ነው ከምትለው ቦታ፣ ደግሜ እላለሁ መጥፎ ከምትለው እንጂ መኪና ካቆምክበት አይደለም፣ እፍኝ የማይሞላ አፈር አንሳ፣ ላዩን ገለጥ አድርገህ ሁለት ጣት ያህል ከስር። መዳፍህ ላይ እያሸህ እንደ ክር አርዝመው። ከጧፍ ቀጥኖ፣ ሶስት ሚሊ ሜትር ገደማ ደርሶ እንኳ ካልተቆራረጠ አፈሩ ገና ሊጥ ነው፣ ከነዳህበት ቅርጹን ትቀይረዋለህ፣ ወደ ቤትህ ሂድ። ያን ያህል ሳይቀጥን ከተፈረካከሰ ንዳ፣ እንደውም ትንሽ ርጥብ ሆኖ የሚፈረካከስ አፈር ከደረቁ ይሻላል፣ ጎማው ይጠቀጥቀዋል እንጂ አያቦየውም፣ መሬት አያያዙም ልክ ነው፣ በዓመት ውስጥ ምርጡ መንዳት እሱ ላይ ነው። ይሄ አሸዋና ጠጠር ላይ አይሰራም፣ እነሱ መቼም ክር አይሆኑም፣ እዛ ተረከዝህን አሳርፈህ እየው፣ ውሃ ካልቋጠረና ካልሰመጠ በቂ ነው። አንድ ሁለት ወር ይሄን ካደረግክ በኋላ ማሸትም አያስፈልግህም፣ ከቀለሙ ታውቀዋለህ፣ የሚያብለጨልጭ ቀይ አፈር ገና ነው፣ ደብዘዝ ያለው ደርሷል።

ገደቡንም እወቅ። ይሄ ሙከራ የሚነግርህ ያነሳህበትን ቦታ ብቻ ነው፣ ሁለት መታጠፊያ ቆይቶ ጥላ ውስጥ ያለውን አይነግርህም፣ ስለዚህ እየነዳህ ወደ ኋላ ዞር እያልክ የጎማህን ምልክት እይ። የጎማው ጥርስ ምልክት ብቻ ከሆነ ቀጥል፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቦይ እየተውክ ከሆነ እዛው ተመለስ፣ «ትንሽ ናት አልፋታለሁ» የሚባለው ነው ሁሌ ተሸክሞ ያስወጣን። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እዛ ለሳይክል ተብሎ የተሰራ መንገድ አለ፣ ከድሮዎቹ አቋራጮች ጋር አንድ አድርገህ አትያቸው፣ የተዘጋ ካለም ተዘግቷል ነው። ዶማ ይዘህ ውሃ ላፍስስ ብትል ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ገንዳ የሆነ ቦታ ላይ የጠርዙን ግንብ በሁለት ሶስት ቦታ መክፈት ብቻውን ተአምር ይሰራል፣ ግን አስፈቅደህ፣ ውሃውንም ወደ ሰው ማሳና ወደ ሰው ግቢ እንዳትለቀው አይተህ። ከሰአት በኋላ ሸንተረሩ ላይ ደመና ከጠቆረ መብረቅ አለ፣ ቀበናን የመሰሉ ወንዞች ከእንጦጦ ነው የሚነሱት፣ ላይ ሲዘንብ ታች ያለው መሻገሪያ በደቂቃ ነው የሚቀየረው፣ በደረቅ የተሻገርከውን ፈፋ በጎርፍ ልትመለስበት አትሞክር። ስትመለስ ደግሞ ሳይክሉን ላቫጆ ወስደህ በፕሬሸር ኩሽኔታው ላይ አታስረጭበት፣ ጭቃውን አስወጣሁ ስትል ውስጥ ነው የምታስገባው፣ በባልዲና በብሩሽ ይበቃል።

እንግዲህ አሁን ነሐሴ ነው፣ ለናንተ የምለው ይሄ ነው። እስከ መስከረም አጋማሽ ሸንተረሩ ላይ ብቻ ቆዩ፣ ድንጋይና ጠጠር ባለበት፣ ሄዳችሁ በዛው ተመለሱ፣ ክብ ዙሪያ ካልሰራን አትበሉ። ጠዋት ግን ጎህ ሲቀድ ሳይሆን ሶስት ሰአት ላይ ጀምራችሁ አምስት ሰአት ተኩል ላይ ጨርሱ፣ ጉሙም ያልፋል፣ ጅቡም ይገባል፣ ዝናቡም አይደርስባችሁም። ባሕር ዛፉ ውስጥ መስቀል ሲያልፍ ወደ ምስራቅ በዞረው በኩል ጀምሩ፣ አፈሩን አሽታችሁ። ሜዳው ጥቅምት ገባ ሲል፣ እሱም ስንጥቅ ማውጣት ሲጀምር ካያችሁ በኋላ። ለጭቃ ጎማ ያሰባችሁትን ብር ደግሞ ፓራፋንጎና የፍሬን ሸራ ግዙበት፣ ባለፈው ቅዳሜ ያን ሁሉ ጭቃ ይዛችሁ ስትወርዱ የነበረው ሸራ አልቋል፣ ከሚቀጥለው ቁልቁለት በፊት ፈታችሁ እዩት።